ሰባተኛው ቆርቆሮ

ነገሩ የጀመረው ኅዳር በገባ በሁለተኛው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን አልረሳውም። ወረታ፣ ከአቶ ኢብራሂም ሱቅ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ቆሜ፣ የዶክተር አስፋው ላንድሮቨር ከባሕር ዳር በኩል አቧራውን እያስነሳ እስኪመጣ ድረስ የእጅ ሰዓቴን ደጋግሜ አይ ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ በሳይንስ ትምህርት ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዓይን አፋር ነኝ፤ አሁንም ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን ይብስብኝ ነበር። አራት ዓመት የተማርኩት መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላነሳ ነው። ሱቅ ገብቼ ክብሪት ለመግዛት እንኳ የምለውን ቃል መንገድ ላይ እለማመደዋለሁ። ሰዎች ግን «ጥንቁቅ ልጅ ናት» ይሉኝ ነበር። ጽሕፈቴ ንጹሕ ነው፣ ዕቃ አልሰብርም፣ አላረፍድም። ዶክተር አስፋውም ከብዙ ወንዶች መካከል መርጠው ወደ ፎገራ የላኩኝ ለዚሁ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሣር ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ወስዶ ቅጠልና ሥር ይሠራበታል። ሣሩን ከብት ይበላዋል። ቅጠሉም፣ ሥሩም፣ የከብቱ ፍግም መጨረሻቸው አፈር ገብቶ መበስበስ ነው። ሲበሰብሱ ያ ጋዝ ተመልሶ ከአፈሩ ወደ አየር ይወጣል። መሬት ይተነፍሳል ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ዶክተር አስፋው የፈለጉት የፎገራ ሜዳ በአንድ ቀንና ሌሊት ምን ያህል እንደሚተነፍስ ለክተው፣ ከዚያ ተነሥተው ሜዳው በዓመት ከአየር የሚወስደውንና የሚመልሰውን በስሌት ለማሳየት ነበር። በአገራችን ይህን የሞከረ ሰው አላውቅም።

መሣሪያችን ተራ ነው። አንድ ብርጭቆ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ መሬት ላይ አስቀምጬ፣ አፉ የተቆረጠ የነጭ ጋዝ ቆርቆሮ እደፋበትና ጠርዙን አፈር ውስጥ እቀብረዋለሁ። ሶዳው ከመሬት የሚወጣውን ጋዝ ይጠጣል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ብርጭቆውን አውጥቼ፣ ሮዝ መልክ የሚሰጥ መድኃኒት ጠብ አደርግበትና ሮዙ እስኪጠፋ ድረስ አሲድ በጠብታ እለቅበታለሁ። ብዙ ጋዝ የጠጣ ሶዳ በጥቂት አሲድ ይረታል። ስለዚህ የመሬቱ ትንፋሽ በበረታ ቁጥር ሮዙ ቶሎ ይጠፋል።

እንዲህ ያሉ አሥራ ሁለት ቆርቆሮዎች፣ የክረምቱ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ግጦሽ ላይ፣ በአንድ መስመር፣ በየሃያ እርምጃው ደፍቼ ነበር። የመጀመሪያውን ልኬት ጨርሼ ውጤቱን በፖስታ ልኬያለሁ። ዶክተር የመጡት በዚያ ውጤት የተነሣ ነው።

ገብተው እንኳ ሳይቀመጡ፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆመው ወረቀቱን ዘረጉ።

«ሦስት፣ አራት፣ አሥር፣ አሥራ አንድ» አሉ በጣታቸው እየመቱ። «አፈሩ አንድ ነው። ሣሩ አንድ ነው። ዝናቡም አንድ ነው። ታዲያ እነዚህ አራቱ የሌሎቹን እጥፍ የሚተነፍሱት ምን በልተው ነው?»

ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን አየሁት።

«ሶዳውን ስትለኪ እጅሽ ተንቀጥቅጧል?»

«አይመስለኝም።»

«አይመስለኝም መልስ አይደለም፣ የሺመቤት። ዓርብ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። እስከዚያ ምክንያቱን ካላገኘን ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። አንቺም አዲስ አበባ ገብተሽ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ትጽፊያለሽ።»

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ልኬት የሰባተኛው ቆርቆሮ ሶዳ ላይ አሲዱን ገና መልቀቅ ስጀምር ሮዙ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከአራቱም የባሰ ነበር። ሶዳውን ግማሽ ብቻ ቀድቼ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ። ልድገመው ብል ፖስታው ሊያመልጠኝ ነው። ደግሞስ «ተሳሳትኩ» ብዬ ልጽፍ? መዝገቤ ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን ቁጥር በላጲስ ፋቅሁና ስድስተኛውንና ስምንተኛውን የሚመስል ቁጥር ጻፍኩበት። በሚቀጥለው ልኬት አስተካክለዋለሁ አልኩ ለራሴ። ንጹሕ ነበር የፋቅሁት። ጽሕፈቴ ንጹሕ ነው ብያችሁ የለ።

ከምሳ በኋላ ወደ ሜዳው ወረድን። ግጦሹ የአያ ደሴ ነው፤ ስድሳን የተሻገሩ የሚመስሉኝ ገበሬ ናቸው። ከአንድ ወር በላይ በየቀኑ «እንዴት ዋልሽ፣ የቆርቆሮዋ ልጅ?» እያሉኝ ያልፋሉ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብ አድርጌ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ከዚያ በላይ ተነጋግረን አናውቅም። ያን ቀን ላንድሮቨሩን አይተው ከከብቶቻቸው መካከል መጡ።

«እንደምን ዋላችሁ! እኒህ ጌታ ማን ናቸው?»

«ዶክተር አስፋው ይባላሉ። አለቃዬ ናቸው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ዶክተር! የሰው ነው የከብት?»

«የአፈር» አሉ ዶክተር፣ ከልኬት መዝገቤ ላይ ቀና ሳይሉ።

«አፈርም መታመም ጀመረ? ጉድ ነው! እኔ በወባ የምናልቀው እኛ ብቻ መስሎኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ዶክተር ግን አልሳቁም።

«ሰውዬ፣ ሥራ ላይ ነን።»

«እኔስ መች ሥራ ፈታሁ፣ ጌታዬ? ላሜ ቆርቆሯችሁን እንዳትረግጥ ስጠብቅ አይደል የምውል? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ልጅቱን ልጠይቃት ብል ታፍራለች። ከቆርቆሮው ሥር የምታስቀምጡት ምንድን ነው?»

ዶክተር ወደኔ አዩ፤ ንገሪው ማለታቸው ነው። መሬቱ እንደሚተነፍስ፣ ብርጭቆው ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ እኛም እንደምንለካው በአጭሩ ነገርኳቸው። አያ ደሴ ዱላቸውን ተደግፈው አንድ ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እህ፤ ትንፋሽ። ግን እኮ ይኼ ሁሉ እኩል አይተነፍስም።»

ዶክተር አሁን ቀና አሉ። «እንዴት?»

«የበረቱ ቦታ ይበልጣላ። ከብት ያደረበት። በብርድ ጊዜ ከብቱ ራሱ መርጦ እዚያ ላይ ነው የሚተኛ፤ ይሞቀዋል።»

እኔና ዶክተር ተያየን። የአካባቢው ገበሬ በበጋ ከብቱን ቤት አያሳድርም። ሜዳው ላይ በእሾህ በረት አጥሮ ያሳድረዋል፤ በየጥቂት ሳምንቱም በረቱን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ቦታ ያዛውረዋል። ፍጉ በዚያ ዓይነት ሜዳውን ያዳርሳል። ክረምቱ ሲያልፍ አጥሩ የለም፣ ፍጉ አፈር ገብቷል፣ ሣሩም እኩል ተግጧል። ለእንግዳ ዓይን አንድ ሜዳ ነው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

«በረቱ የት የት ነበር? እስቲ አሳየን» አሉ ዶክተር። ወደኔም ዞር ብለው «ቁጥሩን እንዳትነግሪው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ፌዝ ነበረበት።

አያ ደሴ ቆርቆሮዎቹን አላዩም። አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች፣ አንዴ ወደ ርብ ወንዝ፣ አንዴ ወደ እግራቸው እያዩ ተራመዱ።

«ለጥምቀት እዚህ ነበርን» ብለው በዱላቸው መሬቱን ነኩ። ሦስተኛውና አራተኛው ቆርቆሮ መካከል ነው።

አምስተኛውን አለፉ፤ ስድስተኛውን አለፉ፤ ሰባተኛው አጠገብ ቆሙ።

«ሁዳዴ ሲያዝ እዚህ ገባን። እንደ ገባን እኔን ወባ ጣለኝ። በረቱን የሚነቅል ጠፋ፤ ሚስቴ ብቻዋን ምን ታድርግ? ከብቱ ሁዳዴውን ሙሉ እዚሁ አደረ። አዛባው ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። ትንፋሽ ከሆነ የምትፈልጉ ዋናው ይኼ ነው። ከዚህ የተነሣን ለፋሲካ ነው» ብለው ወደፊት ሄደው አሥረኛውና አሥራ አንደኛው መካከል ዱላቸውን ተከሉ። «ከዚያ ዝናቡ መጣና ከብቱን ቤት አስገባን። በቃ።»

ዶክተር መዝገቡን ገለጡ። ጣታቸው ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ሦስት ላይ ቆመ። አራት ላይ ቆመ። ፊታቸው መለወጥ ጀመረ። ሰባት ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ።

«አራቱን አግኝተሃቸዋል። ዋናው ያልከው ግን እንደ ማንኛውም ሜዳ ነው። ሰባት ቁጥር ምንም የለበትም።»

«የለም፣ ጌታዬ። ይኸው እዚህ ነው።»

«ተለክቷል እኮ! ተጽፏል!»

አያ ደሴ ተንበረከኩ። አፈር ዘግነው አሸተቱ። ደግመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ደግመው ወደ ወንዙ አዩ። ከተንበረከኩበት ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ተጽፏል ካላችሁ እንግዲህ…» አሉ። «ወባው አእምሮዬንም ወስዶት ይሆናል። ሚስቴም መርሳት ጀምረሃል ትለኛለች። እኔ ደግሞ አሾፈች እያልኩ እቆጣታለሁ።» ከዚያ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብለው ወደ ከብቶቻቸው አመሩ።

«አየሽ?» አሉኝ ዶክተር። «ግምት ነው። አራቱም በአጋጣሚ ነው የገጠመለት። ቆርቆሮዎቹን ንቀይና እንሂድ።»

ቆርቆሮውን ልነቅል ጎንበስ አልኩ። አያ ደሴ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀዋል፤ ዱላቸውን እንደ ቅድሙ አልያዙትም፣ ይጎትቱታል። ሰው በገዛ እጁ እሾህ ያጠረበትን፣ በሕመም የተኛበትን ዘመን የሚያስታውስበትን መሬት እንዲጠራጠር ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በአንዲት ላጲስ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ካርድ ጸሐፊነቱ እንኳ ይቀርብኝ ይሆናል። ይህን ሁሉ አስቤ የወሰንኩ አይምሰላችሁ። አፌ ቀደመኝ።

«አያ ደሴ! ይመለሱ!»

ድምፄ እንዲያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ላሞቹ ሁሉ ቀና አሉ።

«እርስዎ አልተሳሳቱም» አልኩ ሲመለሱ። «የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። ሰባተኛው ከሁሉም በልጦ ነበር። ቁጥሩን ፍቄ ሌላ ጻፍኩበት።»

ዶክተር መዝገቡን መልሰው ገለጡ። ገጹን ከመዝገቡ ለይተው ወደ ፀሐይ አነሡት። ወረቀቱ የተፋቀበት ቦታ ሳስቶ፣ ብርሃን እያሳለፈ ታየ። እኔም አየሁት። አያ ደሴም አዩት።

«ሌላስ ምን ፍቀሻል?»

«ሌላ የለም።»

«እሱን እንዴት ልመንሽ?»

«አይመኑኝ። አሁኑኑ እንደገና እንለካ። ሶዳውን እርስዎ ይቅዱት፣ አሲዱንም እርስዎ ይልቀቁት። እኔ እጄን አላስገባም።»

አያ ደሴ ጣልቃ ገቡ።

«ኧረ ይማሯት፣ ጌታዬ! ለአንዲት ቁጥር እንዲህ ከሆኑ፣ ላም ቢጠፋብዎ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ላም ብትጠፋ ተፈልጋ ትገኛለች» አሉ ዶክተር። «የተፋቀ ቁጥር አይገኝም።» ገጹን አጠፍ አድርገው መዝገቡ ውስጥ መለሱት። «ብርጭቆዎቹን አምጪ። እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ከብት እንዳይደርስበት የሚጠብቅ እፈልጋለሁ።»

«ከብት?» አሉ አያ ደሴ። «ዝንብ አይደርስበትም።»

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርጭቆዎቹን ሰብስበን ወደ ክፍሌ ገባን። አያ ደሴም አብረውን መጡ፤ ቆርቆሮዎቹን ሲጠብቁ አድረው አላንቀላፉም መሰለኝ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። አቶ ኢብራሂም ክፍሌ ጥግ ያስቀመጡት የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ዶክተር ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኔ የምሠራው መጻፍ ብቻ ነው።

አንደኛው፤ አሲዱ ብዙ ፈሰሰ። ሁለተኛው፤ እንደዚያው። ሦስተኛው ቶሎ ጠፋ። አራተኛውም። ዶክተር ቁጥሩን ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አምስተኛው ተራ። ስድስተኛው ተራ።

ሰባተኛውን አነሡ። ተራ ቢሆንስ? ያን ጊዜ በእርግጥ ሶዳውን አጉድዬ ቀድቼ ከሆነስ? እኔ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ ማለት ነው፤ አያ ደሴም አሁን በሁላችን ፊት የበረታቸውን ቦታ የረሱ ሽማግሌ ሊሆኑ ነው። ዶክተር ከብርጭቆው ግማሹን ብቻ ቀዱ። ግማሹን ለምን እንዳስቀሩት ያን ጊዜ አልገባኝም። ሮዝ ሆነ። አሲዱ ያለበትን የመስታወት ቱቦ ከፈቱ።

አንድ ጠብታ። ሁለት። ሦስት። አያ ደሴ ከጆንያው ተነሥተው አጠገባችን ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ጥቂት ጠብታ ደግሞ ወረደ፤ ሮዙ ዳር ዳሩን ሳሳና እልም አለ።

ዶክተር ቱቦውን ዘጉ። ብርጭቆውን እያወዛወዙ ሮዙ እንዲመለስ ጠበቁ። አልተመለሰም። ከዚያ ያስቀሩትን ግማሽ አውጥተው ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። እኩል ጠብታ ላይ እልም አለ። የሁለቱ ድምር እንኳ ሦስተኛው ከወሰደው አሲድ ያነሰ ነበር።

«ጻፊ» አሉኝ። ድምፃቸው ለስልሷል።

ሁሉም ሲያልቅ እጃቸውን ታጠቡ። ክፍሉ ውስጥ የነበረውን አንድ ወንበር አንሥተው አያ ደሴ ፊት አኖሩት።

«አያ ደሴ፣ ይቀመጡ።»

«እዚሁ ጆንያው ይመቸኛል፣ ጌታዬ።»

«የለም፣ ይቀመጡ። ትናንት በደልኩዎት። አሁን ደግሞ የምጠይቅዎ አለኝ። በረት የተነሣበትን ቦታ ቢያርሱት ፍጉ እስከ ስንት ዓመት ይታያል?»

«በመጀመሪያው ዓመት ጤፉ ከመወፈሩ የተነሣ ይጋሽባል፤ ተኝቶ ይቀራል። በሁለተኛው ዓይን ይማርካል። በሦስተኛው ደኅና ነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ጎረቤቱ ነው።»

ዶክተር ሲሰሙ ወረቀት ላይ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል እየሳሳ የሚወርድ መስመር ሣሉ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ብዙ ጊዜ ያየሁት ዓይነት መስመር ነው፤ የአንድ ነገር ብስባሴ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ። አያ ደሴ መስመሩን በጤፍ ነገሩን። አሥራ ሁለቱን ቆርቆሮ ደምረን ለአሥራ ሁለት ማካፈል የትም እንደማያደርሰን ያን ጊዜ ገባኝ። የሜዳውን ትንፋሽ ለማስላት የትኛው መሬት በየትኛው ዓመት በረት እንደነበረ ማወቅ አለብን፤ ያን የያዘ መዝገብ ደግሞ የሰው አእምሮ ብቻ ነው።

አያ ደሴ ከሄዱ በኋላ ዶክተር ወደኔ ዞሩ። ሥራው እንደሚቀጥል፣ እኔም እንደምቀጥል ነገሩኝ። «ውጭ አገር ለትምህርት ከሚላኩት ዝርዝር ግን ዘንድሮ ስምሽን አወጣዋለሁ። ምክንያቱንም እጽፋለሁ» አሉ። «ከሜዳው ላይ ዝም ብለሽ ተመልሰሽ ቢሆን ኖሮ ለዘለዓለም አወጣው ነበር።» ፈራኋቸው፤ አከበርኳቸውም። ትናንት የሳቁበትን ሰው ዛሬ ወንበር ላይ አስቀምጦ በደልኩዎት ለማለት ስንት የተማረ ሰው ይደፍራል?

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናንተ የምታነቡኝ ምናልባት ለአንዲት ቁጥር ይህን ያህል መጻፌ ይገርማችሁ ይሆናል። እኔም አንዳንዴ ይገርመኛል። ያቺ ቁጥር ግን ተፍቃ ብትቀር ኖሮ ከስሌቱ ገብታ፣ ስሌቱም ለሜዳው ሁሉ ተባዝቶ፣ ፎገራ ከሚተነፍሰው በታች ይተነፍሳል ተብሎ በንጹሕ ጽሕፈት ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰውም እኔን ያምናል፤ አያ ደሴን አይደለም፤ እኔ የጻፍኩ ነኛ። ጥንቃቄ እያልኩ የኮራሁበት ነገር ግማሹ ፍርሃት እንደነበር ያወቅሁት ያን ረቡዕ ነው። ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም። አሁንም ሰው ፊት ስቆም ፊቴ ይቀላል። ግን አንድ ሰው ስለሚኖርበት መሬት ሲናገር ጽፌ ከያዝኩት ጋር ካልተስማማ፣ መጀመሪያ የምጠራጠረው የጻፍኩትን ሆኗል። አያ ደሴ ይህን ሊያስተምሩኝ ብለው አልመጡም፤ ላማቸው ቆርቆሮ እንዳትረግጥ ሊጠብቁ ነው የመጡት።

የዚያኑ ሳምንት ዓርብ ጠዋት፣ ዶክተር ገና ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወረታ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምለውን አልተለማመድኩም። የአያ ደሴ ሚስት በር ላይ አገኙኝ።

«ምነው በደኅና ነው? ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋ?»

«ምንም አልጠፋ፣ እትዬ። አያ ደሴን ፈልጌ ነው።»

አያ ደሴ ጋቢያቸውን እያጣፉ ወጡ።

«አያ ደሴ፣ የካቻምናው በረት የት ነበር?» አልኳቸው።

«የካቻምናውን ብቻ ነው የምትፈልጊ?»

«ከዚያ በፊት የነበረውንም። የሚያስታውሱትን ሁሉ።»

ሚስታቸውን አዩዋቸው፤ ሚስታቸውም «ሂድ እንግዲህ፣ አስታዋሹ!» ብለው ሳቁባቸው። አያ ደሴ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ በኩል፣ ቆርቆሮዎቼ ደርሰው ወደማያውቁት ሜዳ ዞሩ። ሣሩ ጤዛ ይዞ ነበር። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እርምጃዬን ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ተከተልኳቸው።